የእንግዳውን ጭምብል የሰፋሁት እኔ ነኝ

ቤድፎርድ የነበረውን የስፌት ቤታችንን ቁልፍ ለአከራዩ ካስረከብኩ ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ እንግዳው ምን ዓይነት ሰው ነበር? ያን ሁሉ ዘመን አጎንብሼ ስሰፋ ወገቤን ምን እንዳደረገው የጠየቀኝ የለም።

ለማያውቁት ላስረዳ። በዳላስና በፎርት ዎርዝ መካከል ባሉት ከተሞች እየተዘዋወረ የሚታይ የሬስሊንግ፣ ማለትም ታጋዮች አስቀድመው ተለማምደው እየተወኑ የሚታገሉበት፣ ትርዒት ነበር። እንግዳው የዚያ ትርዒት ክፉ ሰው ነው። በእንግሊዝኛ «ቪዚተር» ይሉታል። ፊቱን በጥቁር ጭምብል ይሸፍናል፣ አይናገርም፣ ከየት እንደመጣ አይነገርም። ሕዝቡ ትኬት የሚቆርጠው እሱን ለመጥላትና አንድ ቀን ጭምብሉ ሲወልቅ ለማየት ነበር። ያንን ጭምብል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሰፋሁት እኔ ነኝ።

የምጽፈው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የትርዒቱ ባለቤት ራንዲ ነው። በቅርቡ ኢንተርኔት ላይ ቃለ መጠይቅ ሲሰጥ ሰማሁት። እንግዳውን በሕልሙ አይቶ እንደፈጠረው፣ ጭምብሉንም ከሜክሲኮ ያስመጣ እንደነበር ተናገረ። ከሜክሲኮ የመጣው ጭምብሉ ሳይሆን ጭምብል መስፋት ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ምክንያቴ እኚሁ ሰው ናቸው፤ ስማቸውን የትም ተጽፎ አላየሁም።

ምስጢር አወጣች የሚለኝ እንዳይኖር ደግሞ ይህን ልበል። ታጋዩ ራሱ ባለፈው ሰመር በሕዝብ ፊት ጭምብሉን አውልቋል። እንዲያም ሆኖ ፈቃዱን ጠይቄያለሁ። እናቱንም ጠይቄያለሁ፤ «ስማችንን ቀይሪና ያሻሽን ጻፊ» አለችኝ። ቀይሬዋለሁ። ራንዲን ግን አላስፈቀድኩም።

አዲስ አበባ ሳለሁ የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ፋብሪካ ኮሌታ ሰፊ ነበርኩ። ኮሌታ ብቻ። ሸሚዙን ሌላ ሰው ይሰፋዋል፣ እኔ ጋ ሲደርስ አንገቱን እገጥምለታለሁ። በሱዳን በኩል ወጥቼ እዚህ አገር ስደርስ ኮሌታ ሰፊ የሚፈልግ አላገኘሁም። ሪቻርድሰን የስልክ መሣሪያ የሚገጥም ድርጅት ቀጠረኝና ቀጫጭን ሽቦ መበየድ ጀመርኩ። አለቃዬ «ዘውዲቱ» ማለት ስለከበደው «ዚ» እያለ ይጠራኝ ነበር። ሌሎቹን ሁሉ ሙሉ ስማቸውን ይጠራል። ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ መጀመሪያ ያሰናበተው እኔን ነው፤ በዚያን ቀን ስሜን አሳምሮ ጠራው። ከዚያ ሌዊስቪል መጋዘን ውስጥ ሳጥን ማሸግ ገባሁ። ክፍያው ለኪራይ ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ ስለሱ የምለው የለኝም።

መጋዘኑ ውስጥ በምሳ ሰዓት የሠራተኛውን የተቀደደ ጃኬት እጠግን ነበር። አንድ ሜክሲኳዊ ባልደረባዬ ይህን አይቶ የአክስቱ ባል ሰፊ እንደሚፈልጉ ነገረኝ። ቅዳሜ ቤድፎርድ ሄድኩ። ሱቁ ከጎማ ጠጋኝ አጠገብ ያለ ጠባብ ቤት ነው። በር ላይ ምንም አልተጻፈም። ውስጡ ከእንጨት በተጠረቡ ጭንቅላቶች ተሞልቷል።

የሱቁ ባለቤት ዶን ቼሎ አጭር፣ ወፍራም ጣት ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ የሚለጠጥ ጨርቅ ቁራጭ ሰጡኝና ስፊ አሉኝ። ሰፋሁ። እንደ ፋብሪካው ቀጥ ያለ፣ ያማረ መስመር ነበር። ጨርቁን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲስቡት ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ሳቁብኝ።

«ኮሌታ አይጮህም» አሉኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው። «ፊት ይጮኻል።»

ዚግዛግ ስፌት ያስተማሩኝ በዚያው ቀን ነው። ክሩ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ሲሄድ ጨርቁ ሲለጠጥ አብሮ ይለጠጣል። መርፌውም ጫፉ ድቡልቡል መሆን አለበት፤ ሹል ከሆነ የጨርቁን ክር ይቆርጠዋል። ሰኞ ወደ መጋዘኑ አልተመለስኩም።

ስለ ልማዳቸው ልጻፍ፤ የቀረኝ እሱ ነውና። ታጋይ ጭምብል ሊያሠራ ሲመጣ ዶን ቼሎ ሜትር አያነሱም። ወንበር ላይ ያስቀምጡትና ከኋላው ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጭንቅላቱን በሁለት መዳፋቸው ይይዙታል። አውራ ጣታቸውን ጆሮው ላይ አሳርፈው ይቆያሉ። ከዚያ አዛጋ ይሉታል። ሳቅ ይሉታል። ጩኽ ይሉታል። አገጩ የት ድረስ እንደሚወርድ፣ ጉንጩ ምን ያህል እንደሚነፋ በእጃቸው ይሰሙታል። ሜትር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም እጃቸው የነገራቸውን ለማረጋገጥ።

ጀርባው ላይ ዚፕ አያደርጉም። በክር ይታሰራል፤ አደጋ ቢመጣ ክሩን በመቀስ በጥሰው ሰውየውን ማስተንፈስ ይቻላል። ያለቀ ጭምብል ሲያስረክቡ ባርኔጣቸውን ያወልቁና በጨርቅ ጠቅልለው ይሰጣሉ። ከሁሉም በላይ ሱቁ ውስጥ የታጋይ የእናት አባት ስም አይጠራም። ስልክ ሲደወል እንኳ «ጊንጡ ደወለ»፣ «ቀዩ ዲያብሎስ መጣ» ነው የሚባለው። ፊት የሚሸፍን ሰው ስም ይዞ ከወጣ ሥራው ከንቱ ነው ይሉ ነበር።

ይህ ሥራዬ በቤተ ክርስቲያናችን ሲሰማ ምን እንዳመጣብኝ ልናገር። የመዘምራኑን ልብስ የምሰፋው እኔ ነበርኩ፤ በነጻ፣ በፈቃዴ፣ በደስታ። የሴቶቹ ማኅበር መሪ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነበረች። እኩያዬ ናት፤ አብረን ነው የተሰደድነው ማለት ይቻላል። አንድ ቀን ቤቴ መጣች። የሰይጣን ፊት የሚሰፋ እጅ የመዘምራን ልብስ መስፋት የለበትም አለችኝ። ያልተሰፋውን ነጭ ጨርቅ፣ የተሰፋውንም ጭምር፣ በላስቲክ ከረጢት ጠቅልላ ይዛ ሄደች። ልብሱን ለሌላ ሴት ሰጠችው። የዚያች ሴት ስፌት እጅጌው ላይ ይኮማተር ነበር፤ በየእሁዱ ቆሜ አየው ነበር።

ከዓመታት በኋላ ራንዲ አንድ አዲስ ታጋይ ይዞ ሱቃችን መጣ። ረጅም፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ሐበሻ ነው። በሩን አልፎ እኔን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። የጥሩወርቅ ልጅ ነው። እዚህ ሲሳይ እለዋለሁ። ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፤ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ጂም ነው የምሄደው ይላታል እናቱን።

«እትዬ ዘውዲቱ፣ እርስዎ እዚህ ነው እንዴ የሚሠሩት?» አለኝ።

«አንተስ ጂምህ እዚህ ነው?» አልኩት።

«ፕሊስ እትዬ፣ ማለቴ... ማዘር ከሰማች አለቀልኝ። አደራ።»

ዶን ቼሎ አማርኛ አይገባቸውም፤ የተነጋገርነው ግን ገብቷቸዋል። የብረት የጣት ቆባቸውን ጠረጴዛው ላይ አንኳኩ። የተባባላችሁትን በር ላይ ትታችሁ ግቡ አሉን። ከዚያ ልጁን አስቀምጠው ጭንቅላቱን በመዳፋቸው ያዙና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አልዋሽም፤ በዚያን ቀን ወደ ቤቴ ስነዳ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጇ የሰይጣን ፊት አጥልቆ ሕዝብ ሊያስፈራራ ነው፣ ፊቱን የምሰፋውም እኔ ነኝ። ያቺ ሴት በማኅበሩ ፊት አንገቷን እንድትደፋ የሚያደርግ አንድ ቃል አፌ ውስጥ ነበር።

እንግዳው ዝምተኛ የሆነው በሲሳይ አነጋገር ምክንያት ነው። በልጅነቱ ቢመጣም እንግሊዝኛው ላይ ሐበሻነቱ ይሰማል፤ ከተናገረ ምስጢሩ ያልቃል። ስለዚህ ማይክራፎን ሲሰጡት ወደ ጭምብሉ አስጠግቶ እንዲተነፍስበትና እንዲመልሰው ተወሰነ። የመጀመሪያው ቀን ሌዊስቪል አዳራሹ ሞልቷል። ማይኩን የሚያቀብሉት ዳኛ ፀጉራቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። እንግዳው ማይኩን ሊነጥቅ ይገባው ነበር። በዚያ ፈንታ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጎንበስ አለና በአክብሮት ተቀበላቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ራንዲ መልበሻ ክፍል ገብቶ ጮኸበት። ሲሳይ «ሶሪ፣ እጄ ራሱ ነው የሄደው» አለ። ደጋግመው አለማመዱት፤ አልሆነለትም። ዞር ብሎ በአማርኛ «ሽማግሌ ናቸው እኮ፣ እንዴት ነው የምነጥቃቸው?» አለኝ። ራንዲ ሌላ ሰው ሊያመጣ ተነሳ።

ያዳኑት ዶን ቼሎ ናቸው። «ተወው» አሉ። «ያድርገው፤ ግን ዝግ ብሎ።»

ዝግ ብሎ ሁለት እጁን እንዲዘረጋ፣ ዝግ ብሎ እንዲያጎነብስ፣ ዝግ ብሎ ቀና እንዲል አስተማሩት። ቀና ሲል ዓይኖቹ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ማረፍ አለባቸው። ብዙም ሳይቆይ እንግዳው ሁለት እጁን ሲዘረጋ አዳራሹ ጸጥ የሚል ሆነ። ሕፃናት እናታቸው ጉያ ይገባሉ። በዚህ አገር ሰው እንደዚያ ሲያጎነብስ አይተው አያውቁም፤ ሊበላቸው የተነሳ አውሬ ሆኖ ነው የታያቸው። ራንዲ ይህንንም በሕልሙ አየሁት ይላል።

አሁን ወደ ክፉው ቀን ልምጣ። ዶን ቼሎ ኩላሊታቸው ታሞ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ራንዲ ካሜራ ላይ ያበራል ብሎ አንድ የሚያብለጨልጭ ርካሽ ጨርቅ ይዞ መጣ። ቁራጩን ውሃ ውስጥ ነክሬ ሳብኩት። ተለጠጠ፤ አልተመለሰም። ላብ ሲነካው ዓይኑ ይንሸራተታል አልኩት። እሁድ ትርዒት አለ፣ ካልሰፋሽው የሚሰፋ ሞልቷል አለኝ። ልደውልላቸው እንዳልል ዶን ቼሎ ስልክ ለማንሳት አቅም አልነበራቸውም። ሰፋሁት። ጨርቁ የሱ ነበር፤ ስፌቱ የኔ ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ነው የምሄደው። ነጠላዬን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ እይዛለሁ፤ ጭምብሉን ከሱቅ ወደ መልበሻ ክፍል ሳሻግር ሰው እንዳያየው የምጠቀልለው በሱ ነበር። በዚያን ቀን እንግዳው ሪንጉን፣ የትግሉን መድረክ፣ ባጠረው ገመድ ላይ ወጥቶ ሲቆም ጭንቅላቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያንቀሳቅስ አየሁት። ሕዝቡ ማስፈራራት መሰለው። እኔ ግን ምን እንደሆነ አወቅሁ፤ የዓይኑ ቀዳዳ ጉንጩ ላይ ወርዷል። አያይም። ሲዘል ሊቀበለው የተመደበው ታጋይ ከተባባሉበት ቦታ አንድ እርምጃ ዞር ብሎ ነበር። እንግዳው ዘለለ፣ ባዶ ወለል ላይ በትከሻው ወደቀ።

ሕዝቡ ተነሥቶ ቆመ፤ ስልኮች ሁሉ ወደ ላይ ወጡ። ሐኪሙ ሮጦ ገባ። እየተነፈሰ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ጭምብሉን ለማውለቅ እጁን ሲሰድ ራንዲን ፈለግሁት። ጥግ ላይ ቆሞ ለካሜራ ሠራተኛው በጣቱ ቅረብ እያለ ያሳያል። ልጁ መሬት ላይ እያቃሰተ፣ እሱ የተገለጠ ፊት ሊሸጥ ነው። ይህን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ይካድ እንደሁ ይካድ።

እንዴት ሪንጉ ላይ እንደወጣሁ አላውቅም፤ ጉልበቴ ያኔም ደህና አልነበረም። ነጠላዬን ሙሉ በሙሉ ዘርግቼ ጭንቅላቱን ሸፈንኩትና ከሥር እጄን አስገባሁ። የጀርባውን ክር በመቀስ በጠስኩት። አየር ሲያገኝ ሰውነቱ ሁሉ ተነሣ።

«እትዬ፣ ማዘር ታየኛለች» አለኝ በሹክሹክታ።

«ማንም አያይህም» አልኩት።

ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር። ገብቶት ከነጠላው ሥር በዳሰሳ መረመረው፣ ከነተሸፈነ አቅፈን አወጣነው።

ራንዲ ስፌቱ ተፈትቶ ነው ብሎ ለሁሉም አወራ። ጭምብሉን ሆስፒታል ይዤ ሄድኩ። ዶን ቼሎ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር በጣታቸው ዳሰሱት። ጥጉን የሚጠጡት ውሃ ውስጥ ነክረው ሳቡት። ጨርቁ ተንሻፈፈ፣ ክሩ ግን አልተበጠሰም።

«ስፌቱ ጥሩ ነው» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ «ሌላ ጊዜ ጨርቁን መልሺለት» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ያመጣልኝን መጥፎ ጨርቅ ሁሉ መልሼለታለሁ። ያ ጭምብል አሁንም ቤቴ አለ፤ የሚጠራጠር መጥቶ ይሳበው። ዶን ቼሎ ከዚያ አልጋ አልተነሡም። ሲቀበሩ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ከመቃብሩ ወዲያ ማዶ በሰልፍ ቆመው ነበር። የሁሉንም ስም አውቃለሁ፤ የአንዱንም አልጠራሁም። ሱቁን ለኔ ትተውልኝ ነው የሄዱት፣ ከእንጨት ጭንቅላቶቹ ጋር። በሕይወቴ ብዙ ሰው የሚገባኝን ከልክሎኛል። እሳቸው ብቻ ከሚገባኝ በላይ ሰጥተውኛል።

ከአደጋው በኋላ ቪዲዮው በሐበሻው ስልክ ሁሉ ዞረ። ነጠላ የለበሰ ክፉ ሰው እያሉ ሳቁበት። በቀጣዩ እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ ጥሩወርቅ መኪናዬን ፓርክ ያደረግሁበት ቦታ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ነጠላው ያንቺ ነው» አለችኝ።

«የኔ ነው።»

«ከሥሩ ያለውስ?»

«የሥራ ጉዳይ ነው።»

ስልኳን አውጥታ ፊቴ ደቀነችው። ያቆመችው እኔ ያለሁበት ቦታ ላይ አልነበረም። እንግዳው ሁለት እጁን ዘርግቶ ከሽማግሌው ማይክ ሲቀበል፣ እዚያ ላይ ነው።

«ይህን ሰው እንዲህ አድርጎ መቀበል ያስተማረችው እናት ማን ናት?» አለችኝ። ልጇ ክንዱን አንጠልጥሎ ቤት ሲገባ ሻንጣ ወደቀብኝ ብሏት እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ለዚህ ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ስለ ነጩ ጨርቅ፣ ስለ ላስቲክ ከረጢቱ፣ ስለ ተኮማተረው እጅጌ። ሴቶቹ ከኋላችን እየወጡ ነው፤ ጮክ ብዬ ብናገር ሁሉም ይሰማሉ።

«ስም አንጠራም» አልኳት። «የጭንቅላቱን ልክ ነው የማውቀው።»

ወደ ሴቶቹ ዞር ብላ አየችና ጠጋ አለችኝ። «ለማንም አልነገርሽም?»

«ለማንም።»

«እኔን ለማዋረድ እንኳ?»

«ላንቺ ብዬ አይደለም» አልኳት። እውነቴን ነው። ለዶን ቼሎ ብዬ ነው፤ ለልጁም አደራ።

ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሄደች ስል ተመለሰች።

«ሲወድቅ ዓይኑ ያይ ነበር?»

«አያይም ነበር። ጨርቁ ተንሸራቶበት።»

«ከእንግዲህስ?»

«ከእንግዲህ ያያል።»

ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቀችኝም። የመዘምራኑም ልብስ አልተመለሰልኝም። ለልጇም እንዳወቀች አልነገረችውም። እሱ ጂም ነበርኩ ይላታል፣ እሷ በርታ ትለዋለች። እንደዚያ ሆነው ዓመታት ኖሩ። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ከዚያ በኋላ በሰፋሁለት ጭምብል ውስጥ እንግዳው አንድም ቀን ማየት አልተሳነውም።

ጡረታ ስወጣ ራንዲ የእንጨት ሽልማት ሰጠኝ። ስሜን አሳስቶ ነው ያስቀረጸው። ጋራዥ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። ሥራዬን ግን አማርሬ አልተውኩትም። ኮሌታ ብቻ ስገጥም ልሞት የነበርኩትን ሴት ይህ ሙያ ፊት እንድሠራ አደረገኝ። ሰው በሚጮህበት አዳራሽ ውስጥ ቆሜ እጄ የሠራውን በኩራት አይቻለሁ። ከዚህ በላይ ምን እንደሚፈለግ አላውቅም።

የመጨረሻውን ሥራዬን ተናግሬ ላብቃ። ሱቁን እያፈረስኩ ነበር። የስፌት መኪኖቹ ተሸጠው አንዷ አሮጌዋ ብቻ ቀርታለች። ሲሳይ ስንብቱን ሊያደርግና በሕዝብ ፊት ሊገለጥ እንደሆነ ሰምቻለሁ። በሩ ተከፈተና ጥሩወርቅ ገባች። በላስቲክ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። የእንጨት ጭንቅላቶቹን ዞር ዞር ብላ አየችና ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ውስጡ የእንግዳው ጭምብል ነበር፤ ተኮማትሮ የሕፃን ቆብ አክሏል።

«ጂም ቦርሳ ውስጥ አግኝቼ ለስንብቱ ይጽዳ ብዬ አጥቤው ነው» አለችኝ። «ድራየር ውስጥ ከተትኩት።»

«የማን ነው?» አልኳት።

«የሰው ነው።»

የእንግዳው የወረቀት ልክ ከኋላዬ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ዞሬ አላየሁትም።

«ልኩን ታውቂዋለሽ?»

ዓይኗን ጨፈነችና ሁለት መዳፎቿን ከደረቷ ፊት ከፍ አድርጋ፣ ጭንቅላት እንደያዘ ሰው አቆመቻቸው። ጥቂት አሰፋቻቸው። አውራ ጣቶቿን ጆሮ የሚሆንበት ቦታ ላይ አሳረፈች። እኔ ያን አያያዝ የማውቀው ከአንድ ሰው ብቻ ነበር። ሜትሩን አንሥቼ በመዳፎቿ መካከል ዘረጋሁት። ልኩ ነበር።

ለመውሰድ ስትመጣ አዲስ የሰፋሁትን ጭምብል በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ሁለት እጇን ዘረጋች። ጎንበስ ብላ፣ ዝግ ብላ፣ ተቀበለችኝ።